ጉዲቱ የምትጠብቀው ሸምበቆ

ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ የከተማው ቆሻሻ ከሚደፋበት ጉብታ ግርጌ፣ ጉዲቱ የምትጠብቀው አንድ ለምለም መደብ አለ። ጠጠር የተሞላ ሰፊ ገንዳ ነው። በላዩ ከቆቃ ሐይቅ ዳር የመጣ ሸምበቆ፣ በመሃል በመሃሉ ደግሞ ቄጤማ ተተክሎበታል። ከቆሻሻው ሥር የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ እዚያ ይገባል፤ ሲገባ እንደ ከረመ ሽንት ዓይን ያቃጥላል።

ባለሙያዋ ገላኔ ሥራ በጀመሩበት ቀን አንድ ሸምበቆ ሰብራ ክፍት ውስጡን አሳይታት ነበር።

«በዚህ ነው አየር ወደ ሥሩ የሚወርደው፣ እትዬ ጉዲቱ። ሥሩ ላይ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት አሉ። የሚያቃጥለውን ነገር የሚያጠፉት እነሱ ናቸው።»

ከዚያ ወዲህ ጉዲቱ ጠዋት ጠዋት ሸምበቆዎቹን እየዳሰሰች ታልፋለች፤ ያዘመመውን ታቃናለች።

ውሃው ከመደቡ የሚወርደው ወደ ኦቦ ኢፋ ማሳ ነው። መደቡ ሳይሠራ በፊት የሽማግሌው ሽንኩርት ቅጠሉ ብቻ ጉልበት ድረስ አድጎ፣ ሥሩ እንደ ጣት ቀጥኖ ቀርቶባቸው ነበር። «ከፋሲካ በኋላ ውሃው ደህና ነው ካላችሁኝ እተክላለሁ። ካልሆነ ትቼው ሞጆ ልጄ ጋ እገባለሁ» ብለው ነበር።

በጸሎተ ሐሙስ ጎረቤቷ መሰለች ከሦስት ሴቶች ጋር ማጭድ ይዛ መጣች። አገሩ ሁሉ ደርቆ ለምለም ነገር ያለው እዚያ ብቻ ነበር።

«ጉዲትዬ፣ ለበዓሉ ትንሽ ቄጤማ እንቁረጥ?»

«የቆሻሻ ውሃ እኮ ነው የጠጣው።»

«ልንበላው ነው እንዴ? ወይስ ሹም ሆንሽብን?»

ሴቶቹ ሳቁ። ጉዲቱ ከልጅነቷ ጀምሮ እምቢ ማለት አይሆንላትም፤ አንገቷን ደፋች። ማጭዱ ቄጤማና ሸምበቆ አልለየም፤ ከውሃው በታች እየገባ ሁለቱንም አጨደ።

ከበዓሉ በኋላ ገላኔ ውሃውን ስትለካ የሚያቃጥለው ነገር አልጠፋም። በተቆረጠው አገዳ ውሃ ገብቶ ሥሩን አፍኖታል። የመደቡ ሲሶ ጠውልጓል።

«ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።»

ለኦቦ ኢፋም ራሷ ሄዳ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ማሳው ዳር ተቀምጠው ነበር።

«እምቢ ማለት አቃተሽ» አሉ።

«አቃተኝ፣ ኦቦ።»

«እኔም ሚስቴን አንድ ቀን እምቢ ብያት አላውቅም፤ ነፍሷን ይማር። እስቲ ዝናቡ እስኪያልፍ ልጠብቅሽ።»

ጉዲቱ ክረምቱን በጭቃ ውስጥ አሳለፈችው። ከገላኔ ጋር አዲስ ሸምበቆ ተከሉ። ከመደቡ አጥር ውጭ ደግሞ፣ ከጥበቃ ቤቷ ጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በበርሜል በሚጠራቀምበት ጥግ፣ ብቻዋን አንድ ረድፍ ቄጤማ ተከለች። ዝናቡ ሲቆም በጣሳ እየቀዳች አጠጣችው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረች።

በኅዳር ገላኔ ውሃውን ለክታ ፈገግ አለች። ኦቦ ኢፋ ተከሉ።

በዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ መሰለች ማጭዷን ይዛ ስትመጣ ጉዲቱ የአጥሩን በር አልከፈተችም። እጇን ይዛ በርሜሉ ጥግ ወዳለው ቄጤማ ወሰደቻት።

«ይኼ የናንተ ነው። ንጹሕ ውሃ ነው የጠጣው።»

መሰለች አየችው፣ ጉዲቱንም አየቻት። «አንቺ ሴትዮ፣ ዓመት ሙሉ ይኼን አስበሽ ነው ዝም ያልሽው?»

ጉዲቱ አፍራ ዞር ስትል ኦቦ ኢፋ ከማሳው በኩል ቀስ ብለው ሲመጡ አየች። አጠገቧ ሲደርሱ አፈሩ ያልተራገፈ አንድ ቀይ ሽንኩርት መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። መዳፏን ሞላው።