የጋሽ ጥላዬ ወፍራም ገመድ

ትናንት አመሻሹ ላይ የእህቴ ልጅ ለሙዚቃ ማጫወቻው የገዛውን የመብራት ገመድ አሳየኝ። አውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ዋጋውን ነገረኝና «ድምፁን ያጠራዋል» አለኝ። በደርግ ጊዜ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ሳስተምር በዚሁ ጉዳይ ሽምግልና ተቀምጫለሁ።

ጎረቤቴ ጋሽ ጥላዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ደህና ቴፕ ነበረው። አንድ ጊዜ ክር ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲህ ያለ ወፍራም ገመድ ይዞ ተመለሰ። ብሩ የመጣው ደግሞ ሚስቱ እትዬ ዘነቡ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ብላ ከፈተለችው የበግ ፀጉር ነው። ክረምት ሳይገባ ለሸማኔ ሊሰጥ የተዘጋጀውን ሳይነግራት ሸጠው። የመንዝን ክረምት ያለ ባና ማደር ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ባጭሩ... ሰው ከነጫማው ይተኛል።

እትዬ ዘነቡ አኩርፋ ዘመሮ ከተማ ወደሚኖረው ወንድሟ ቤት ገባች። «ሽማግሌ ፊት ቆሞ ምን እንዳገኘበት ያስረዳ። ካላስረዳ አልመለስም» ብላ ላከች።

ሽማግሌዎቹ የንስሐ አባታቸውና በግ ነጋዴው ጋሽ ወርቅዬ ነበሩ። እኔ ጢሜ እንኳ በወጉ ያልወጣ ብሆንም «ሳይንስ ያስተምራል» ተብዬ ሦስተኛ ሆንኩ።

እሑድ አመሻሽ፣ የከተማው ጄኔሬተር ሲነሳ ቤታቸው ተሰበሰብን። እትዬ ዘነቡም ከዘመሮ መጥታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ጋሽ ጥላዬ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«መብራቱ ቆሻሻ አለበት አባ። ይኼ እንደ ጠላ ያጠልለዋል» አለ።

አባ ተቀብለው አገላበጡት።

«አተላውስ?»

«የምን አተላ?»

«ጠላ ሲጠለል አተላ ይቀራል። ከገዛኸው ወዲህ ደፍተህ ታውቃለህ?»

ጋሽ ጥላዬ ገመዱን የሸጠለት ሰው ስለ አተላ ምንም እንዳልነገረው አመነ። ጋሽ ወርቅዬ ቀበል አደረገና፣ «ጄኔሬተሩ ያለው ከገበያው ማዶ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በተራ ሽቦ ደፍርሶ የመጣ መብራት፣ እዚህች አንድ ክንድ ላይ ሲደርስ ነው ንስሐ የሚገባው?» አለ።

ነገሩ በወሬ እንደማያልቅ ሳይ ሳይንሴን አወጣሁ። ቴፑን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጬ አንዱን የማሲንቆ ካሴት አንዴ በድሮው ገመድ፣ አንዴ በአዲሱ ላጫውት፤ ሽማግሌዎቹ ሳያዩ የቱ እንደሆነ ይናገሩ አልኩ። ሁሉም ተስማማ።

በድሮው ጀመርኩ። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «ይኼ አዲሱ ነው። ጥርት ይላል» አሉ። ጋሽ ወርቅዬ «የለም፣ ድሮው ነው። ድሮም ምንም አልጎደለውም» አለ።

አዲሱን ሰካሁ። አባ «ይኼም አዲሱ ነው» አሉ። ጋሽ ወርቅዬ «ይኼም ድሮው ነው» አለ። እያቀያየርኩ ደጋገምኩት... አንዳቸውም ከቃላቸው ፈቀቅ አላሉም።

«አባ፣ ሁሌ አዲሱ ሊሆን አይችልም እኮ» አልኩ ከመጋረጃው ብቅ ብዬ።

«አንተ ሽምግልና ተቀምጠህ አታውቅም መሰለኝ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ወርቅዬ የተቀመጠው ለሷ ነው፣ እኔ ለጥላዬ። ሁለታችንም ባንዱ ላይ ከፈረድን አንዱ አኩርፎ ይወጣል። የመጣነው ሰው ልናስታርቅ ነው ወይስ ገመድ?»

ለካ ገና በር ላይ ሲገናኙ ማን ለማን እንደሚቆም ተከፋፍለዋል። ከሦስታችን ማሲንቆውን ስሰማ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ይኼኔ እትዬ ዘነቡ ከተቀመጠችበት ጥግ ተናገረች።

«እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«እህሳ?» አሉ አባ።

«ዘፈኑ ሲለወጥ አልሰማሁም። ብርዱም ሲለወጥ አላየሁም።»

ጋሽ ጥላዬ «እኔ'ኮ ጥርት ሲል ይታወቀኛል...» ብሎ ጀመረ። ቀና ብሎ ሚስቱን ሲያያት ግን ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ቀሪውን ዋጠው። «አጥፍቻለሁ» አለ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ ነገር ተስማሙ። የሚደርበውን በርኖስ ለሷ ይስጥ፤ በጎቻቸው ሲሸለቱ ደግሞ ፀጉሩን ራሱ ይፍተል። በመንዝ ወንድ ይሸምናል እንጂ አይፈትልም። ጋሽ ጥላዬ ብር ብትቀጡኝ ይሻለኛል ብሎ ለመነ። አባ አልሰሙትም።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«ሲፈትል ሳላይማ የትም አልሄድም» አለችና በርኖሱን ደረበች።

በዚያ ዓመት መሐል ሜዳ ላይ እንዝርት ሲያሾር የታየ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። አመሻሽ ላይ ደጃፉ ቁጭ ብሎ ይፈትላል፣ እትዬ ዘነቡ «ቀጭን አድርገው እንጂ፣ ገመድ አደረግኸው'ኮ» እያለች ታርመዋለች፣ ቴፑ ከውስጥ ይዘፍናል። ድምፁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥርት ያለ ነበር... በየትኛው ገመድ እንደሆነ አልጠየቅኩም።