የሲስተር ሦስት ገጽ

ሚስቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት፤ እኔም ባሏ ሆኜ እንደዚያው። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ስትሠራ አንድ ሕግ ይዛ ኖረች፦ ያየሽውን ጻፊ፣ ያላየሽውን አትጻፊ፣ ካየሽው ደግሞ ምንም አታስቀሪ። ጡረታ ስትወጣ የምትጽፈው በሽተኛ ጠፋና ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች። ሻይ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደጨመርኩ ሳይቀር ትቆጥር ነበር። ስለዚህ በአደራ ቤተሰብ ለሚያድጉ ልጆች ፍርድ ቤት የሚቆሙላቸው በጎ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ ሲባል፣ ከማንም በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ። ተገላገልኩ አልኩ።

ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ልጁ ያለበት ቤት ሄዶ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከዚያ ለዳኛ መጻፍ። ደመወዝ የለውም፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ ብቻ። ለሲስተር የደረሷት ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ትልቋ የስምንት ዓመት፣ ትንሿ የሦስት። እናታቸው ሞታለች፣ አባት የሚባል አልተገኘም። ሁለት ዓመት ያሳደገቻቸው የአደራ እናት ደግ ሴት ናት፤ ወገቧን ታመመችና በቃኝ አለች። አይፈረድባትም። እንግዲህ ዳኛዋ የምትወስነው ሁለቱም ወደ አንድ ቤት ይሂዱ ወይስ ለየብቻ የሚለውን ነበር።

ትልቋ ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን ግን ሲስተር ልትሄድ ስትነሳ እስከ በሩ ተከትላት «እንዳይለያዩን ይንገሩልን» አለቻት። ቃል መግባት ክልክል ነው፤ ሥልጠናው ላይ ደጋግመው አስጠንቅቀዋቸዋል። ሲስተርም «እነግርልሻለሁ» ብቻ ብላ ወጣች። እኔ ግን ሚስቴን አውቃታለሁ፤ በሆዷ ቃል ገብታለች።

ሦስት ገጽ ጻፈችና አነበበችልኝ። ትልቋ ጠዋት እህቷን ቀስቅሳ ፊቷን ታጥባታለች። ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክራ ታጎርሳታለች። ትንሿ ስታስነጥስ ከአደራ እናትየዋ ቀድማ መሐረብ ይዛ ትደርሳለች። እህቷ ሳትተኛ አትተኛም። እነዚህን ለመለየት የድንጋይ ልብ ይጠይቃል አልኩ። አንድም ቃል እንዳትቀንሺ ያልኳትም እኔው ነኝ። ዕድሜዬን አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ስለ ችሎት ምን አውቄ።

የልጆች ጉዳይ በዝግ ስለሚታይ ኮሪደር ላይ ጠበቅኩ። ሲስተር ስትወጣ መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ጨብጣዋለች። ዳኛዋ ሪፖርቱን አመስግናለች አሉ፤ እንዲህ ጥርት ብሎ የተጻፈ እንደማይገጥማትም ተናግራለች። ከዚያ ያንኑ እያነበበች፣ ይህች ልጅ በስምንት ዓመቷ እናት ሆናለች፣ ሸክሟ ይውረድላትና እንደ እኩዮቿ ትጫወት አለች። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋም ተስማማች። ትልቋ ወደ አንድ ቤት፣ ትንሿ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወደ ሌላ ቤት፤ በወር አንድ ቀን ይገናኛሉ። ለትልቋም ምክንያቱን ነግረዋታል። ሲስተር ተነስታ «እኔ ለዚህ ብዬ አልጻፍኩም» ብትል፣ ዳኛዋ በትህትና «የጻፉት ግን ይህንን ነው» አለቻት።

ዳኛዋ ክፉ አይደለችም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢገኝ ረግመነው ይወጣልን ነበር። ጎረቤቶቻችን ላያስችል አይሰጥም እያሉ ሊያጽናኑን ይሞክራሉ። ይሰጣል።

የመጀመሪያው መገናኛ ቀን አብሬያት ሄድኩ። የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው ለዚህ ያዘጋጃት ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ አራት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ እጇ የተነቀለ አሻንጉሊት አለባት። በሩ እንዳይዘጋ ደንብ ስላለ ከኮሪደሩ ሁሉንም አየሁ። ትንሿ ሮጣ የእህቷ ጉልበት ላይ ተጠመጠመች። ትልቋ አላቀፈቻትም፤ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሻይና ዳቦ መጣ። ትንሿ ዳቦዋን እንደ ልማዷ ለእህቷ ሰጥታ አፏን ከፍታ ጠበቀች። ትልቋ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ሸጎጠች። ትንሿ አለቀሰች፣ ንፍጧ ወረደ፣ የሚጠርግላት የለም። ትልቋ ከንፈሯን ነክሳ ሰዓቱን ታያለች።

ሲስተር ጎንበስ ብላ ምን ሆነሽ ነው ልጄ አለቻት።

«አዩኝ አይደል? አልነካኋትም» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማጉረሱን ትቻለሁ። ይሄንንም ይጻፉላቸው፣ አንድ ላይ እንዲያደርጉን።»

ቀጣዩ ሪፖርት ሐሙስ ይገባል። ሲስተር ያየችውን ከጻፈች፣ ሸክሟ ወርዶላታል፣ መለየታቸው በጅቷል ይላሉ። ካልጻፈች፣ ያቺ ልጅ እህቷን በከንቱ አስለቀሰች። እኔ በዚህኛው አንድ ቃል አልመከርኩም። ወረቀቱ ጠረጴዛችን ላይ ሦስት ቀኑ ነው። ቀኑን ጽፋበታለች፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው።