ለበሽተኛ የሚቆረጥ ማር

ከባለቤቴ ከፋንታዬ ጋር መጨረሻ የሠራነው ተራ ሥራ ምስር መልቀም ነው። ደጃፋችን ላይ ሰፌዱን መሀላችን አድርገን ተቀምጠናል። ስኳር በሽታው ዓይኑን አዳክሞት ስለነበር ጠጠሩን ትቶ ምስሩን ይጥላል። «ግድ የለም፤ የቀረውን በጥርሴ አገኘዋለሁ» አለኝ። በዚያው ሳምንት የእግሩ ቁስል ወሰደው።

የአርባውን ተዝካር እንዳወጣሁ፣ ተከዜ ዳር ያለችው ታላቅ እህቱ ዝማም ከስታ ሌት ተቀን ውኃ ውኃ እንደምትል ገበያ የመጡ ሰዎች ነገሩኝ። የእሱም የጀመረው እንዲሁ ነበር። እሷን ሞት ሳይቀድመኝ ወደ ሐኪም ላመጣት ተነሣሁ።

ሰኞ ንጋት፣ ሰቆጣ

ጥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወደ ጽጽቃ የሚወርደው አይሱዙ ጨው፣ ዘይትና ስኳር ጭኗል። ሹፌሩ ሰይድ ጥቁር ልብሴን አይቶ ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ ባለቤቴ መሞቱን ስነግረው ከሐዘንተኛ ሒሳብ አልቀበልም አለ።

«ምን አግኝቷቸው ነው?»

«ስኳር።»

ፈገግ አለና ወዲያው አፈረ። «አይቀየሙኝ እትዬ። እኛ አገር እንኳን በደም፣ በሻይም ስኳር የለ ብዬ ነው።»

«እሱም መጀመሪያ እንዳንተ ስቆ ነበር።»

ራቁቱን የቀረ ዳገት፣ የድንጋይ እርከን፣ አቧራ የለበሰ ቁልቋል። ረጅም መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «እናቴም ግፊት አለባት» አለ። «ጨው ቀንሺ ስላት ‹ጨው የሌለው ወጥ የእስረኛ ነው› ትለኛለች።»

ከሰዓት በኋላ፣ ከጽጽቃ ቁልቁል

የዝማም ልጅ ካሱ በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ። ጎልማሳ ንብ አናቢ ነው። ወደ ተከዜ በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ፊት ይገርፋል።

«ለእናቴ ማር አላጎደልኩም» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። «በጥቅምት የቆረጥኩት ነጩ ማር አንድም ገበያ አልወጣም። ሁሉም ለእሷ ነው።»

እዚህ ራብን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሰው ሲከሳ ራብ ነው ይባላል። ለከሳ በሽተኛ ነጭ ማር ተቆርጦ በውኃ ይበረዛል። ብርዙን የመለሰ በሽተኛ ሰጪውን እንደሰደበ ይቆጠራል። ፋንታዬም ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ ሲወርድ የዘመዱን ሁሉ ማር ጠጥቶ ነው የተመለሰው።

ማምሻውን፣ ተከዜ ዳር

ዝማም በር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ጉንጯ የሟች ወንድሟን ጉንጭ መስሏል። አጠገቧ ብርዝ የሞላ ቅል አለ።

«መጣሽ ምራቴ? ወንድሜን ቀበርሽው?»

«ቀበርኩት እትዬ።»

ተቃቅፈን አለቀስን። እንባዋን ጠርጋ ቅሉን አነሣች።

«እትዬ፣ ይህን ብርዝ ይተዉት። ነገ ሰቆጣ ሐኪም ይይዎት።»

ካሱ ብድግ አለ። «የኔ ማር ነው እናቴን የሚገድላት?»

«ማርህስ ንጹሕ ነው። ደሟ ነው የማይችለው፤ የአጎትህም እንደዚያው ነበር።»

ጥሎን ሄደ። ዝማም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ልጄ በንብ ተነድፎ ያመጣውን እንዴት አልፈልግም ልበል?» ብላ ጠጣች።

ማክሰኞ ንጋት

ካሱ ጠርቶኝ ወደ ቤቱ ጓሮ ወሰደኝ። ከቁጥቋጦው ሥር ጉንዳን መሬቱን አጥቁሮታል።

«ከክረምት ጀምሮ ነው። ማር የፈሰሰ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ማር እዚህ ምን ያደርጋል? ማን ነው ወደዚህ የሚመጣው?»

«እናቴ። ለሽንት።»

«ጉንዳኑ የመጣው በሽንቷ ለሚወጣው ስኳር ነው» አልኩት። ከዚያ ገብቶ እናቱን በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ አናገራት። ቋንቋው አይገባኝም። ዝማም እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች።

«ምን አለዎት?»

«‹ከእንግዲህ ብርዙን ብትጠጪ የምቀየምሽ እኔ ነኝ› አለኝ።»

ካሱ ቅሉን ደጅ ወስዶ ደፋውና በቅሎዋን ጫነ።

ሐሙስ፣ ሰቆጣ

ሐኪሙ ደሟን መርምሮ ስኳር ነው አለ፤ በየቀኑ የምትወጋው የስኳር መርፌ አዘዘላት። መርፌው ላይ ያለውን የመጠን መስመር አንብቦ የሚወጋት ተከዜ ዳር ማንም የለም። ካሱ እናቱን ለኔ አደራ ብሎ ወደ ቀፎው ተመለሰ።

አሁን ዝማም ከኔ ጋር ትኖራለች። መድኃኒቷን ሙቀት እንዳያበላሸው ርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበርኩት ገንቦ አኖራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እወጋታለሁ።