ኢዝሊን ልብስ ልታሰጣ የወረደች ዕለት

ኢዝሊን ያደገችው በሞሪሸስ ምዕራብ ዳርቻ፣ ፍሊክ አን ፍላክ ነው። እዚያ ጠዋት የተሰጣ ልብስ ምሳ ሳይደርስ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ጋኤታንን አግብታ ወደ ደሴቲቱ አናት፣ ወደ ኪዩርፒፕ ስትወጣ ግን፣ መንገዱ የአንድ ጠዋት አውቶቡስ ሆኖ ሳለ፣ አገር ጥላ የተሰደደች መሰላት።

ነገሩ ግልጽ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ባሕሩን ጠጥቶ ይመጣል። ዳገቱን ሲወጣ ይበርደዋል፤ አናቱ ላይ ሲደርስ መያዝ ያቅተውና ኪዩርፒፕ ላይ ይሸናል። ከዚያ ቀሎት ወደ ፍሊክ አን ፍላክ ይወርዳል። ይህን በኩራት ያስረዳት ባሏ ነው፤ ጋኤታን ጃንጥላ ጠጋኝ ነበርና ደመና ባየ ቁጥር ፊቱ ይበራል።

"ይኼ እኮ ዝናብ አይደለም" ይላታል፣ አሸንዳው ሞልቶ ሲፈስ እያየ። "ካፊያ ነው።"

"ካፊያህ ትናንት የጎረቤትን ዶሮ ወስዷል።"

"ድሮም ደካማ ዶሮ ነበረች።"

ኢዝሊን ጨው እየቀለጠባት፣ ጫማ እየሻገተባት፣ እርጥብ አንሶላ ላይ እየተኛች ዓመታት ቻለች። የጋኤታን ወንድም ልጅ ክርስትና ሲነሳ ግን ጉድ ፈላ። የክርስትና አባት ጋኤታን ነው። ያለችው አንዲት ደህና ሱሪ ምድጃ አጠገብ ሰንብታ አልደረቀችም፤ እንዳለች ለበሳት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕፃኑን ታቅፎ ከሻማዎቹ ፊት ሲቆም ከመቀመጫው እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር።

"መንፈስ ቅዱስ ወረደበት" አለች ከኋላ አንዲት አሮጊት። ቄሱ አባ ክሌማን ሳይቀሩ መጽሐፋቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ቤት ሲገቡ ጋኤታን "ሱሪ ማድረቅ ያቃታት ሚስት!" ብሎ ጮኸባት።

ኢዝሊን ቤት ውስጥ ያለውን እርጥብ ጨርቅ ሁሉ፣ መጋረጃውን ጨምራ፣ ሁለት ጆንያ ውስጥ ጠቀጠቀችና አውቶቡስ ተሳፈረች። ፍሊክ አን ፍላክ ወርዳ በእህቷ ግቢ ውስጥ አሰጣችው። ደረቀ። እሷም አብራው ደረቀችና መመለሱን ረሳችው።

ኪዩርፒፕ ውስጥ ባሏን ፈታ ሄደች ተብሎ ተወራ። አባ ክሌማን ሊያስታርቁ ወረዱ።

"ልጄ፣ ምን በደለሽ?"

"እሱ ምንም፣ አባ። የተጣላሁት ከሰማዩ ጋር ነው።"

"ሰማዩ የእግዚአብሔር ነው።"

"እንግዲያው ከሳቸው ጋር አስታርቁኝ።"

አባ ክሌማን ሊቆጡ ከጀሉ፤ ግን ፀሐዩ ላይ ተቀምጠው ቀሚሳቸው ከላያቸው ላይ እየደረቀ ነበር፤ እንዲህ ደልቷቸው አያውቅም። ወደ ላይ ተመልሰው ጋኤታንን "ሂድና ከሚስትህ ጋር ኑር" አሉት።

ወረደ። አልሆነለትም። ጃንጥላ ይዞ የሚመጣ ሰው የለም፤ ሙቀቱ ጀርባውን በሽፍታ ሞላው፤ ሌሊት ጣሪያው ዝም ሲልበት እንቅልፍ አጣ። ሳምንት ሳይሞላው "እኔ እዚህ ዓሣ ጥብስ ሆኜ አልሞትም" ብሎ ወደ ዝናቡ ተመለሰ።

አልተፋቱም። ጋኤታን ቅዳሜ ቅዳሜ እርጥብ ልብሱን በጆንያ ይዞ ይወርዳል፤ ከላዩ የአባ ክሌማን ነጭ የቅዳሴ ልብስ አይጠፋም። ሰኞ የደረቀውን ይዞ ይወጣል። አባም እንዲህ ያለው ትዳር በሕጉ ይፈቀድ እንደሆነ ሲጠየቁ ጆሯቸው ይደነቁራል። ስንት ዓመት ሲነታረኩ የኖሩት ባልና ሚስት አሁን ዓርብ ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ቅዳሜ ኢዝሊን ፀጉሯን ተሠርታ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ትሄዳለች።

"ሻገትክ" ትለዋለች አንገቱን አሽትታ።

"አንቺ ደግሞ ቋንጣ ሆነሻል" ይላትና ጆንያውን ትከሻው ላይ ያወጣል።

እህቷ ያን ቀን ቤቱን ለሁለቱ ለቃ በጊዜ ዘመድ ጥየቃ ትወጣለች።