ሁዳዴን የጾመው ውሻ

የተነፋ ሆድ በጣት ሲመታ እንደ ተወጠረ ከበሮ ይጮኻል። ባለፈው ሳምንት እኔ የምሠራበት የኦክላንድ የእንስሳት ክሊኒክ አንድ ትልቅ ውሻ እንዲህ ተነፍቶ መጣ። ጎኑን ቀስ ብዬ መታ መታ ሳደርግ ያ ድምፅ ወጣና አጎቴ ትዝ አለኝ። በመልካም ነገር ትዝ ቢለኝ ደስ ባለኝ፤ ግን አልታደለም።

የእናቴ ወንድም ነው። እናቴ ዳሊ ሲቲ አዛውንት ትጠብቅ ስለነበር፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ሳን ሆዜ እሱ ቤት አስቀመጠችኝ። ከእንጀራ ይልቅ ታይታ የሚያጠግበው ሰው ነበር። ነጠላው ተተኩሶ ተተኩሶ እንደ ካርቶን ይቆማል። ከቅዳሴ በኋላም ደጅ ቆሞ ማን ጾም እንደገደፈ ያወራል።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ውሻውን አስጾመው። አትሳቁ፤ ያኔ የሳቅነው ይበቃል። ደረተ ትልቅ ጀርመን ሼፐርድ ነበር። የውሻ ምግቡን ጋራዥ ቆለፈበትና በቀን አንዴ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሽሮ የተለወሰ ሩዝ ብቻ ይሰጠው ጀመር። "እኔ ቤት እንኳን ሰው ውሻም ይጾማል!" ይላል ለምእመናኑ። ሰው ይስቅለታል፤ "ተባረክ" የሚለውም አይጠፋም። ውሻው የጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር ከሳ። እኔም ሳህኑን በአንድ ትንፋሽ ሲጠርገው በስልኬ እየቀረጽኩ ለጓደኞቼ እልክ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ቀትር ላይ አጎቴ እንግዶቹን ጓሮ ሰብስቦ ጾሙን አስፈታው። ትሪ ሙሉ የበግ ሥጋ፣ ስብና ፍርፍር ቀረበለት። ውሻው ሳያኝክ ዋጠው፤ ባልዲ ሙሉ ውሃም ጠጣበት። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ የእንግዶቹ ልጆች ኳስ እየወረወሩ አሯሯጡት።

ብዙም ሳይቆይ ጥግ ሄዶ ቆመ። ሊያስመልሰው ይታገላል፤ ከነጭ ለሃጭ በቀር የሚወጣ የለም። ሆዱ ዓይናችን እያየ ተነፋ።

"ጋሼ፣ ኢመርጀንሲ ብንወስደው?" አልኩት።

"ጠግቦ ነው! ጥጋብ አልለመደማ" አለና ለእንግዶቹ ሳቀላቸው። ጸበል አምጥቶም ረጨበት። ሚስቱ "ኧረ በማርያም፣ ኮል አድርግላቸው" ብላ ሐኪም እንዲጠራ ስትለምነው "እንግዳ ትቼ ውሻ ላሳክም?" አላት። የተነሳነው የመጨረሻው እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ነው፤ ሕመሙ ከጀመረው አራት ሰዓት ያህል አልፎ። ያኔ ውሻው መቆም አቅቶት ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቶ ነበር።

የእንስሳት ኢመርጀንሲው ሐኪም ራጅ አንስታ አስረዳችን። ጨጓራው በጋዝ ተነፍቶ በራሱ ዙሪያ ዞሯል፤ ደም የሚያስገቡትም የሚያስወጡትም ሥሮች ተጠምዝዘው ታንቀዋል። ደም ያላገኘ ጨጓራ ደግሞ ይሞታል። ቶሎ ከተደረሰበት ተከፍቶ ይመለሳል፣ ውሻውም ይድናል።

"ከጀመረው ምን ያህል ሆነው?" ብላ ጠየቀች።

"ሰርቲ ሚኒትስ" አላት አጎቴ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሚስቱ አንገቷን ደፋች። እኔም እውነቱን እያወቅኩ አፌን ዘጋሁ። ትልቅ ሰው በተናገረበት አይገባም ተብዬ ነው ያደግሁት። ይህን ሰበብ ዛሬ ስጽፈው ራሱ ያስጠላኛል።

ሐኪሟ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ስትወጣ አጎቴን አየችውና "ጨጓራው ግን ሠላሳ ደቂቃ አይልም" አለችው። አብዛኛው ጠቁሯል፤ ጣፊያውም አብሮ ሄዷል። የሚሰፋ ነገር አልተረፈም። ከሰመመኑ ሳይነቃ ቢያልፍ እንደሚሻል ነግራን፣ እንድንሰናበተው አስገባችን።

አጎቴ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" ብሎ ሲገላገል ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር። ንቀቴን አሰናድቼ ስጠብቀው፣ ያን የፋሲካ ነጠላውን እንደለበሰ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። አፉን ጆሮው ሥር አድርጎ "ይቅር በለኝ፣ ልጄ" አለው። ደጋግሞ አለው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ያን ቃል ለሚስቱም ለእኔም ሲል አንድ ቀን አልሰማሁትም። እኔ ግን ለውሻው እንኳ አላልኩትም፤ ልቡ እስኪቆም በሩ ጋ ቆሜ አጎቴን በንቀት ስመለከት ነበር።