ኤቦ አምፒያ በአገሩ ዜሮ ያገኘ ጊዜ

ድምፅ ቆጣሪው መምህር አርሂን የመጨረሻዋን የምርጫ ወረቀት ከሳጥኑ አውጥቶ ዘረጋትና፣ እንዳለፉት ሁሉ፣ «ንያሜኬ» አለ። ከዚያ ሳጥኑን ገልብጦ ለሁሉም አሳየ። ባዶ ነው። እማ አራባ ግን ዐይኗን ከሳጥኑ ላይ መንቀል አቃታት። ቀስ ብላ ተነሣችና እጇን እስከ ክንዷ ከትታ ውስጡን ዳሰሰች። የኤቦ ታዛቢ ስለሆነች ማንም አልከለከላትም። ምንም የለም።

«ለንያሜኬ አርባ ሁለት» አለ መምህር አርሂን፣ ድምፁ እየሰለለ። «ለኤቦ አምፒያ… ዜሮ።»

ኤቦ አምፒያ ማለት እኮ የአቡራምፓኖ ልጅ ነው! እትብቱ እዚያው ባሕሩ ዳር የተቀበረ፣ አክራ ገብቶ ጠበቃ የሆነ፣ ከዚያም ፓርላማ የገባ፣ በዚያ ዕለት ደግሞ ፓርቲው ለጋና ፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበውን ዕጩ ሲመርጥ ከሚኒስትር ንያሜኬ ጋር የተፎካከረ። በአቡራምፓኖ ያሉት አርባ ሁለቱም የፓርቲው መራጮች የኤቦ ፎቶ ያለበት ከናቴራ ለብሰው ነው ሊመርጡ የመጡት። እማ አራባ ደግሞ የእናቱ ታናሽ እህት ናት፤ እናቱ ስትሞትበት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ በጭስ ስታደርቅ የኖረች ሴት ናት። ከጭሱ ብዛት ዐይኗ ደም ይመስላል፤ ቢሆንም ከሩቅ የምትመጣ ጀልባ የማን እንደሆነች ከማንም ቀድማ ትናገራለች። ባሏን ባሕር ወስዶባታል። ፓርቲው ሲሸነፍና ሰው ሁሉ ወደ አሸናፊው ሲገለበጥ፣ እሷ ባንዲራውን ከጣሪያዋ ላይ አውርዳ አታውቅም። ምርጫ በመጣ ቁጥር ታዛቢ ትሆናለች፤ በዐይኗ ባላየችው ነገር ላይ ፈርማ ስለማታውቅም የኛ ሰው ሲካካድ «እማ አራባ ትናገር» ይላል።

ታዲያ የዚያን ዕለት ድምፅዋን ለማን ሰጠች? ለንያሜኬ።

ልጇ ኤኩዋ በነርስ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትመላለስ ጫማዋ አልቆ ነበር። ኤቦን ብትለምነው «አያለሁ፣ እማ» ብሎ ቀረ። ያስገባላት ንያሜኬ ነው። ቂም ይዛ ግን አልነበረም። ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀቱን ይዛ ስትቆም ያሰበችው ይህን ብቻ ነው፦ ኤቦን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ይመርጠዋል፤ የኔዋ አንዲት ለምስጋና ብትሄድ ምን ይጎድልበታል?

አሁን ቀና ብላ ሰዉን ስታይ፣ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ያኔ ነገሩ ገባትና ክው አለች። ለካ እያንዳንዱ የራሱ ኤኩዋ ኖሮታል! ሁሉም «ሌላው ይሰጠዋል» ብሏል። የቆጠራውን ወረቀት ፈረመች።

ውጭ ሲወጡ ከሁሉም በላይ የጮኸው የኤቦ ታላቅ ወንድም ኮብና ነው። እሱም ከመራጮቹ አንዱ ነበር።

«ይሄን ጉድ የሠራ ማነው?»

«እኔ እንደሆንኩ ታውቁኛላችሁ» አለች ኬንኪ የሚባለውን የበቆሎ ምግብ የምትሸጠው ኤሲ። «ከናቴራዬ አይናገርም?»

«ከናቴራውንማ ሁላችንም ለብሰነዋል» አለች እማ አራባ።

በማግስቱ ንያሜኬ በአገሪቱ ሁሉ እንዳሸነፈ ተነገረ። እንደ ወጉ ኤቦ ስልክ ደውሎ «እንኳን ደስ ያለህ» ማለት ነበረበት። እሱ ግን በሬዲዮ ወጣ።

«አልቀበልም! በሌላው ቦታ ተሸነፍክ ብትሉኝ እሺ። በተወለድኩበት ዜሮ? ወንድሜ እዚያ መርጧል። ያሳደገችኝ እማ አራባ መርጣለች። የነሱ ድምፅ የት ገባ? ቆጣሪው ሰርቆኛል!»

እማ አራባ ይህን የሰማችው ዓሣ እያጨሰች ነው። ዓሣዋ ከምድጃው ላይ እያረረ ሸተተ፤ አላነሣችውም። ቀጥሎ የሰማችው የጎረምሶች ጩኸት ነው። ወደ መምህር አርሂን ቤት እየሮጡ ነው። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ተከተለቻቸው። ስትደርስ መስኮቱ ተሰብሯል፤ የመምህሩ ሚስት በስንጥቁ በኩል አየቻት።

«እማ አራባ! እርስዎ አጠገቡ ነበሩ! ኧረ ይናገሩለት!»

ጎረምሶቹ ለእሷ ክብር ሲሉ መንገድ ለቀቁላት። «አይዞሽ እማ፣ የልጅሽን ድምፅ እናስመልሳለን!» አሏት። እሷ ግን በለቀቁላት መንገድ አልፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ኤቦ ጠበቃና ጋዜጠኞች አስከትሎ ከአክራ መጣ። አርባ ሁለቱ በፓርቲው ጽሕፈት ቤት ግቢ ተሰበሰቡ። ኤቦ እማ አራባን አቅፎ ሳማትና ወደ ካሜራዎቹ አቀረባት። ጠበቃው መጽሐፍ ቅዱስ ዘረጋላት።

«እማዬ፣ ካንቺ አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ለኤቦ ነው የሰጠሁት ብለሽ ማዪልኝ» አላት ኤቦ።

እማ አራባ መጽሐፉን አየች። በሐሰት ብትምል መምህሩ ሌባ ሆኖ ይቀራል፤ ማታ ደግሞ ቤቱን ያቃጥሉበታል። እውነቱን ብትናገር ይህን ልጅ ታጣዋለች።

«መምህሩ አልሰረቀም» አለች። «ላንተ አልሰጠሁም፣ ልጄ። ለንያሜኬ ነው የሰጠሁት።»

«ምን?»

«ለኤኩዋ ብዬ ነው። አንተን ሌሎቹ ይመርጡሃል ብዬ። ጠልቼህ እንዳይመስልህ፣ ኤቦዬ።»

«አንቺ?» አለ ኤቦ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መሰላትና እጇን ዘረጋችለት። ከኋላዋ ወንበር ሲንቋቋ ሰምታ ዞር አለች። ኤሲ ሻሿን ይዛ ልትነሣ ነው። ኮብናም ግማሽ ተነሥቷል፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። ሌሎችም እየተነሡ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብቻዬን አይደለሁም አለች በልቧ።

ኤቦ ፊቱን ወደ ካሜራዎቹ አዞረ።

«አያችሁ? ንያሜኬ ያሳደገችኝን ሴት ሳይቀር ገዝቷታል! ዜሮው ከዚህ ነው የመጣው! ሌላም የተሸጠ ካለ አሁኑኑ ይነሣና ሕዝብ ይየው!»

እማ አራባ ጆሮዋን ማመን አቃታት። የዘረጋችው እጅ በአየር ላይ ቀረ። እንደገና ዞር ስትል ኤሲ ሻሿን አስተካክላ ተቀምጣለች። የቀሩትም አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ኮብና ግን አልተቀመጠም። እንባውን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ወደ ፊት መጣ፤ እሷን ሳያይ በአጠገቧ አለፈ።

«እኔ ላንተ ነው የሰጠሁት፣ ወንድሜ» አለና እጁን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ጫነ።