ከመንታ መንገድ የመጣው ድስት

ቆቦ ገበያ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ከልጄ ጋር ተቀምጬ፣ በሸክላ ድስት የተጠበሰ ዶሮ ሲሸተኝ የልጅነቴ ድስት ትዝ አለኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በበዓል ቀን የእናቴን ድስት ሰበርኩና ዱላ ፈርቼ ከቤት ወጣሁ። ወደ ሮቢት በሚወስደው መንታ መንገድ ላይ ጥላሸት የጠገበ አሮጌ የሸክላ ድስት አገኘሁ። በኛ ሰፈር ለበሽተኛ የታረደ ዶሮ ጠብሰው ከነድስቱ መንታ መንገድ ላይ ይጥሉታል፤ ያነሳው ሰው በሽታውን ይወስዳል ይባላል። ይህን አውቅ ነበር፤ ግን ዱላው ባሰብኝ። አጥቤ ወሰድኩት።

"ከየት አመጣሽው?" አለች እናቴ ውስጡን እያሸተተች።

"ወንዝ ዳር ወድቆ።"

ድስቱን አገላብጣ አየችው። ለበዓሉ የታረደው ዶሮ ተገነጣጥሎ ተዘጋጅቷል፤ ሌላ ድስት የለንም። ጠበሰችበት።

ሲቀርብ ሁላችንም እጃችንን ሰደድን።

"ቆዩ!" አለች። ሁልጊዜ ከሁላችን በኋላ ነበር የምትበላው። ያን ቀን ቀድማ ጎረሰች፤ ዋጠችና ዓይኗን ጨፍና ቆየች። እኔ ጉሮሮዋን እያየሁ ጠበቅኩ።

"ጨው በዝቶበት እንዳይሆን ብዬ ነው፤ በሉ፣ ብሉ" አለች ለአባቴ።

ስጎርስ ግን ዶሮው ጨው የሚባል አልነካውም ነበር።

አሁን አስተናጋጁ ድስቱን አስቀመጠልን። ልጄ እጇን ስትሰድ፣ ሳላስበው "ቆዪ!" አልኳት።